ጌንዞ ማጨብጨብ ሲማር

የዛሬ ሰባት ዓመት ኖቬምበር ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ ጌንዞ አፉን ከፈተ። ቶሺ ደቂቃዋን ሳይቀር የምታውቀው፣ ባሏ አፉን ሲከፍት እሷ ዓይኗን የምትሸሽግበት ስታጣ ከበረዶ መንሸራተቻው ሜዳ በላይ የተሰቀለው ትልቅ ሰዓት ላይ ስላሳረፈችው ነው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ካሆ ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ ወደ በረዶው ወጣች፣ የመጀመሪያውን ዝላይ ዘልላ በእግሯ አረፈች፣ ሁለተኛውን ዘልላ ወደቀች። መውደቅ ነውር አይደለም። በሃቺኖሄ ከተማ በረዶ ላይ ያልወደቀ ልጅ ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። በአዳራሹ የተቀመጡት ሦስት መቶ ያህል ሰዎችም የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ልጅ ስትወድቅ ማንም ትንፋሹን ወደ ውስጥ አይስብም፣ ማንም ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ከንፈሩን አይመጥም፤ ወዲያው ይጨበጨባል፣ ተነሥታ መንሸራተት እስክትጀምር ድረስ ይጨበጨባል። እጆች ሁሉ ሊገናኙ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ግን ከአራተኛው ረድፍ እንዲህ የሚል ድምፅ መጣ፦

«አይይይይ… አለቀላት!»

ጌንዞ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በወደቡ የዓሣ ገበያ ጨረታ ሲያጫርት የኖረ ሰው ነው። ድምፁ የመርከብ ሞተርን፣ የባሕር ወፎችን ጫጫታና የሰማንያ ነጋዴ ጭቅጭቅን አሸንፎ እስከ ባሕሩ ግንብ ድረስ ይሰማ ነበር። እሱ ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር፤ ድምፁ ግን አብሮት አልወጣም። «አለቀላት» ማለቱም ክፋት አልነበረበትም። የዓሣ ሣጥን ከጋሪ ተንሸራትቶ ባሕር ሲገባ የሚለው እሱን ነው። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበርም ይለዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደች ዕለት፣ አዋላጇ በሩን ከፍታ ብቅ ስትልም ብሎት ነበር፤ ቶሺ ያንን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ካሆ በጉልበቷ ተነሥታ ነበር። ቀና ብላ ወደ አራተኛው ረድፍ አየች። ሙዚቃው ትቷት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ አንዱን ዝላይ ጨርሶ ረሳችው፣ ከሃያ ሦስት ተወዳዳሪዎችም ሃያ ሁለተኛ ወጣች። ሃያ ሦስተኛዋ ትኩሳት ይዟት ከቤቷ ያልወጣች ልጅ ነበረች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናውን የሚነዳው ጌንዞ ራሱ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የነዳላት እሱ ነው። የካሆ አባት ከዓመቱ ዘጠኙን ወር በዓሣ መርከብ ላይ ስለሚያሳልፍ፣ እናቷም በሆስፒታል የሌሊት ተራ ስለሚደርሳት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ጫማዋን ከመኪናው ማሞቂያ ፊት ደቅኖ እያሞቀ ወደ ልምምድ የሚያደርሳት አያቷ ነበር።  የዚያን ቀን የድልድዩን መብራት ሲያልፉ ጌንዞ አንድ ጊዜ ብቻ ሾርባ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቀ። ካሆ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ማታ ቶሺ ሳህን ስታጥብ ካሆ ፎጣ ይዛ አጠገቧ ቆመች። አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አደረቀችው።

«እማማ፣ ለዲሴምበሩ ውድድር አባባ እንዳይመጣ ንገሪው።»

«እኔ ልንገረው?»

«እኔ ከነገርኩትማ ያለቅሳል።»

«እኔ ስነግረውስ ሊስቅ ነው?»

ካሆ አልሳቀችም። አያቷን እንደማትጠላው፣ ክፉ እንዳልሆነም እንደምታውቅ ተናገረች። ግን አሁን ከበረዶው ተነሥታ አየር ላይ ስትሆን ያንን ድምፅ ትጠብቃለች፤ ባይናገርም ትሰማዋለች፤ «አለቀላት»ን እየጠበቀ የሚዘል ሰው ደግሞ መውደቁ አይቀርም። የዲሴምበሩ ውድድር በዚህ ከተማ የምታደርገው የመጨረሻው ነው። በአፕሪል ወደ ሰንዳይ ከተማ ሄዳ አዲሷ አሠልጣኟ ዘንድ ትኖራለች። ይህንን አንዱን በሰላም መጨረስ ትፈልጋለች።

ቶሺ ከዚያ ድምፅ ጋር ሃምሳ ሁለት ዓመት ስለኖረች ልጅቷን ተሳስተሻል ማለት አልሆነላትም። ግን ባሏ በዚያች ቀን ቤት ተቀምጦ ሰዓት ሲያይ በዓይነ ሕሊናዋ ታያትና ለመደራደር ሞከረች። ቢማርስ? ማን ያስተምረዋል? የሚያስተምረው ቢገኝስ? ካሆ ፎጣውን አጠፈችና የክለቡ ወይዘሮ ናራኦካ በቅቷል ካሉት ይምጣ አለች። ወይዘሮ ናራኦካ ማንንም በቅቷል ብለው አያውቁም፤ ነገሩ አይሆንም ለማለት የተመረጠ ትሁት መንገድ ነበር።

ቶሺ በማግስቱ ምሳ ላይ ለጌንዞ ነገረችው። መብያ እንጨቱን አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ እንዴ የጣልኳት?»

«አንተ አልጣልካትም። ስትነሣ ነው የጣልካት።»

  ጌንዞ ሁለት እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ገመድና ጨው ያጠነከራቸው፣ እንደ አካፋ የሰፉ እጆች ናቸው። ማጨብጨብ ብቻ ከሆነ ችግር የለም፣ እጅ አለኝ አለ።

ወይዘሮ ናራኦካ የልጆቹ ወላጆች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምረዋል፤ ስለዚህ ለሚጮኽ ሰው አይደነግጡም፣ አያዝኑለትምም። ጌንዞንና ቶሺን በሠፈሩ መሰብሰቢያ ክፍል ተቀበሏቸውና ራሳቸው የጻፉትን አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው ወረቀት ሰጧቸው። ተመልካች ሙዚቃ ከተጀመረ በኋላ ከመቀመጫው አይነሣም። ስም የተጻፈበት ጨርቅ ከአገጭ በላይ ከፍ አይልም፣ ከኋላ ያለውን ይከልላልና። «በርቺ!» የሚባለው ስሟ ከተጠራ በኋላ ቦታዋን እስክትይዝ ባለችው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የሚወረወር አበባ ቅጠሉ እንዳይረግፍ ዙሪያውን ይሸፈናል፤ በበረዶ ላይ የቀረች አንዲት ቅጠል የሚቀጥለውን ልጅ ትጥላለች። እያነበቡ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ናራኦካ መነጽራቸውን አወለቁ። ዋናው ይህ ነው አሉ። አንድ ሰው ማጨብጨብ ከጀመረ የሰማ ሁሉ ይከተለዋል። የአንድ ሰው ጭብጨባ ብቻውን ከቀረ፣ ለወደቀችው ልጅ ከዝምታ ይብስባታል።

ጌንዞ ጥያቄ ነበረው። ሁለት ጊዜ ብትወድቅ ለሁለተኛው ይጨመራል? አይጨመርም፣ አይቀነስም፤ እኩል ነው። ወድቃ ባትነሣስ? ትነሣለች። እሺ፣ እሱ የማያውቃት የሌላ ሰው ልጅ ብትወድቅስ? በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ናራኦካ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩትና ለእሷማ ይበልጥ ነው አሉ፤ ያንን ግን ወረቀቱ ላይ አልጻፉትም።

ከዚያ አጨብጭብ ተባለ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ጋሽ ጌንዞ» አሉ ወይዘሮ ናራኦካ በዝግታ፣ «ልጅ ነው የምናነሣው፤ ወፍ አይደለም የምናባርረው።»

ለእጁ ልክ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀ። አንደበቱ ግን ሌላ ነገር ነበር። እጁ ከመድረሱ በፊት «አይይ» የምትለው ትቀድማለች፤ ጉሮሮው ላይ ተዘጋጅታ የምትጠብቅ ይመስል። ቶሺ ሥራውን ወደ ቤት ወሰደችው። ዘዴዋ ቀላል ነበር። ሳታስጠነቅቅ ዕቃ ትጥላለች። የድስት ክዳን፣ ማንኪያ፣ የባልዲ እጀታ፤ አንድ ቀን በንዴት አንድ ሙሉ፣ ክንድ የሚያህል የራዲሽ ሥር። ጌንዞ ዕቃው መሬት ሲነካ ከንፈሩን ገጥሞ ማጨብጨብ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ የብረታ ብረት መደብር እየፈረሰ የሚመስል ድምፅ ያሰማ ነበር። «አይይ—» ይልና አፉን በመዳፉ ከድኖ በሌላው እጁ ጭኑን ይመታል። በሁለተኛው ሳምንት «አ» ላይ ይቆማል። በሦስተኛው ሳምንት ቶሺ ከኋላው ሆና መጥበሻ ስትጥል፣ ጋዜጣውን እያነበበ፣ ቀና ሳይል፣ ልክ ባለው ጭብጨባ አጨበጨበና ገጽ ገለጠ። ቶሺ ጨረስን ብላ አሰበች።

አልጨረሱም። የተማረው ነገር ከበሩ ውጭም ይከተለው ጀመር።

በዲሴምበር መጀመሪያ በረዶ ጣለ፣ መንገዱም መስታወት ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ኦሺታ ባልዲ ይዞ ከራሱ ሱቅ ሲወጣ እግሮቹ ወደ ሰማይ ሄዱ፣ ባልዲው ወደ ፖስታ ቤት፣ እሱ ደግሞ በመቀመጫው ቁጭ። ጌንዞና ቶሺ በማዶ በኩል ያልፉ ነበር። ጌንዞ ቆመ። ዘንቢሉን አስቀመጠ። ፊቱን ኮስተር አድርጎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሳያፈጥን፣ ሳያቆራርጥ፣ ልክ እንደ ተማረው።

«ምን ያስጨበጭብሃል አንተ?» አለ ኦሺታ ከመሬት።

«አይዞህ ለማለት ነው።»

«አይዞህ ለማለት ከሆነ ና አንሣኛ!»

«አይፈቀድም» አለ ጌንዞ እያጨበጨበ። «በራስህ ነው የምትነሣው።»

ኦሺታ በራሱ ተነሣ፤ ሲነሣም ለመዝገብ የማይሆን ነገር ተናገረ። ጌንዞ እግሩ መራመድ እስኪጀምር ጠብቆ አቆመ፣ ዘንቢሉንም አነሣ። ከመንገዱ ጥግ የአትክልት ሻጯ ሴትዮ ጭብጨባ ሰምታ ስትከተል አንድ ሁለት ጊዜ አጨብጭባ ነበር፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ስትጠየቅ አላወቀችም። ቶሺ በማግስቱ የደረቀ ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዳ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ኦሺታ ዓሣውን አሽትቶ፣ እንዲህ ያለ ካሣ ካለው ሐሙስም እንደሚወድቅ ነገራት።

ፈተናው ቅዳሜ ዕለት ጀማሪ ሕፃናት በሚለማመዱበት ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ ናራኦካ ጌንዞን ከአጥሩ አጠገብ አስቀምጠው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከጎኑ ተቀመጡ። በረዶው ላይ ሃያ የሚሆኑ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ቆመው ከሚውሉት ተቀምጠው የሚውሉት ይበልጣል። ጌንዞ ለእያንዳንዳቸው አጨበጨበ። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አርባ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። አንድም «አይይ» አላመለጠውም። ችግሩ የመጣው ሕፃናቱ ነገሩ ሲገባቸው ነው። ሮዝ ቆብ ያደረገች አንዲት ትንሽ ልጅ በደህና ስትሄድ ቆይታ ቆም ብላ ወደ ጌንዞ አየች፣ ቀስ ብላም ቁጭ አለች። ተጨበጨበላት። ተነሣች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ደግማ ቁጭ አለች። ወዲያው ሦስት ልጆች አጠገቧ መጥተው ቁጭ አሉ። ሰዓቱ ሳይጋመስ ከአጥሩ ሥር የሕፃን ሰልፍ ሆነ፤ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይወድቃል። አሠልጣኛቸው መጥታ በትሕትና፣ እኒህ አባት ለዛሬ ወደ ቤታቸው ቢሄዱ ምን ይመስላችኋል ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ ናራኦካ ፍርዳቸውን በሩ ላይ ሰጡ። እጁ አልፏል። ጉሮሮውን ግን እስከ መጨረሻው አያምኑትም። ከቦርሳቸው የሳል ከረሜላ አውጥተው ሰጡት፤ በውድድሩ ቀን አፉ ውስጥ ይሁን፣ ከረሜላ የያዘ አፍ በቶሎ አይከፈትም። ካሆ ይህንን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ የካልሲዋን ጫፍ አየች። ቃሏን የሰጠች ልጅ ስለሆነች ግን እሺ አለች። ድምፁ ብቻ አይሰማኝ አለች፤ አንዲት ቃል እንኳ።

ዲሴምበር ሃያ አንድ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አራት መቶ ሰው አይጎድልም። ጌንዞ በዋዜማው ኦሺታ ዘንድ ሄዶ ተላጭቷል፤ ኦሺታም ከደረቀው ዓሣ ወዲህ ምላጩን ቀስ አድርጎ ይይዝለታል። አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፣ ቶሺ በግራው። ከፊታቸው ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ወይዘሮ ናራኦካ የክለቡን ጨርቅ ልክ አገጫቸው ላይ አድርገው ይዘዋል። ቶሺ ብርድ ልብሱን በሁለቱ ጉልበት ላይ ዘረጋች። ከጎኗ ያለው ባሏ ከዚያ በፊት ከወጡት አሥራ አንድ ልጆች ለወደቁት ሁሉ ያለ እንከን አጨብጭቦላቸው ነበር። በከረሜላው አንድ ጉንጩ አብጧል። በፊቱ ላይ ግን ላብ ነበር።

የካሆ ስም ተጠራ። ከየአቅጣጫው «ካሆ፣ በርቺ!» ተባለ። ጌንዞ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ፣ እሷ የምታየው ይመስል። ሙዚቃው ጀመረ።

የመጀመሪያውን ዝላይ ዘልላ አረፈች። ሁለተኛውን፣ ያንን የኖቬምበሩን፣ ዘልላ አረፈች። ቶሺ ባሏ በአፍንጫው እንደ ፈረስ ሲተነፍስ ሰማች። ከዚያ ሙዚቃው ቀዝቀዝ አለ። ካሆ ከሜዳው ዳር እስከ መሐል በአንድ እግሯ መጣች፣ ዝቅ አለች፣ ጉልበቷን በረዶው ላይ አሳርፋ፣ ወደ ኋላ ተለምጣ፣ አንድ እጇን መሬት አስነክታ ረጅም ተንሸራተተች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አዲሷ አሠልጣኝ በስልክ ቪዲዮ ያስጠናቻት ውብ እንቅስቃሴ ነበር። በቤት ማንም አላየውም።

ጌንዞ ያየው ጉልበቷ በረዶ ሲነካ ነው።

አጨበጨበ። ከንፈሩን ገጥሞ፣ ልክ ባለው ኃይል፣ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ፤ ከአንቀጽ አንድ እስከ አሥራ አንድ አንዱንም ሳይጥስ። ቶሺ እጁን ለመያዝ ስትዘረጋ ዘገየች፤ ምክንያቱም ከኋላቸው ያሉት ተቀብለውታል። የአንድ ሰው ጭብጨባ ብቻውን አይቀርምና። ስልካቸውን ያዩ የነበሩት አንድ ነገር አመለጠን ብለው አጨበጨቡ። ያላመለጣቸው ደግሞ፣ መውደቅ እንዳልሆነ በዓይናቸው ያዩት፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚሳሳት አልመሰላቸውምና አጨበጨቡ። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አራት መቶ ሰው፣ ፊቱ ላይ ያንን የታወቀ ርኅራኄ አድርጎ፣ ያልወደቀችውን ልጅ አይዞሽ ይላት ጀመር። ወይዘሮ ናራኦካ ጨርቃቸውን በብብታቸው ይዘው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ፤ በአራተኛው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዳኞቹ መሐል የነበሩት ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ወረቀት አጮልቀው አዩ።

ጌንዞ ካሆ ሳትነሣ፣ እንደውም ተለምጣ ፈገግ እያለች መንሸራተቷን ስትቀጥል አየ። እጁ ቆመ። አዳራሹም ቀስ በቀስ፣ እያንዳንዱ ሰው እኔ አልጀመርኩትም በሚል ፊት፣ ቆመ። ቶሺ የባሏን ሁለት እጆች ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብታ በሁለት እጆቿ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። እንደ ተያዘ ዓሣ ይመቱ ነበር።

ሙዚቃው ፈጠነ። ካሆ ለሦስተኛው ዝላይ ወደ ኋላ እየሄደች በአጠገባቸው አለፈች። ቶሺ ፊቷን አየችው፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ልቅሶ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻለችም። ዘለለች፣ አየር ላይ ሚዛኗን ሳተች፣ በጎኗ ወድቃ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደች።

አንድም ሰው አላጨበጨበም።

አራት መቶ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ሊሳሳት አይፈልግም። ምናልባት ይህም የዳንሱ ክፍል ይሆናል። ከሙዚቃው በቀር ምንም አልተሰማም፤ እሱም ቢሆን የዚያን ጊዜ ወደ አንዲት ቀጭን ፒያኖ ወርዶ ነበር። ካሆ በክንዷ ተደግፋ ወደ መቀመጫዎቹ አየች። ቶሺ የምታደርገውን ታውቃለች፤ ግን ሁለቱም እጆቿ የባሏን እጆች ይዘዋል። ለማጨብጨብ እሱን መልቀቅ አለባት። ስድስት ሳምንት ያህል ዕቃ የጣለችው ይህንን ሰው ለመያዝ ነበር። ካሆም አንዲት ቃል አይሰማኝ ብላለች።

ለቀቀችው።

ጌንዞ ግን አላጨበጨበም። እጆቹን እንደ ተበደራቸው ነገር ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ሚስቱ ዞረ። ያጫረተበት አርባ አንድ ዓመት ብዙ ነገር አስተምሮታል፤ ሹክ ማለትን ግን አላስተማረውም። ከረሜላውን ወደ ሌላው ጉንጩ አዙሮ፣ በእሱ ቤት በቀስታ ጠየቃት፦

«ይቺኛዋ እውነተኛዋ ናት?»

ጥያቄው ከአዳራሹ ጣሪያ ደርሶ ተመለሰ። ዳኞቹ ሰሙ። ከውጭ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ሰማች። ካሆም በረዶው ላይ ሰማች። ጉልበቷ ላይ ነበረች፤ ቀና ብላ አራተኛውን ረድፍ አየችው፣ ልክ እንደ ኖቬምበሩ። ቶሺ ዓይኗን ልትሸሽግ ፈለገች፤ አልቻለችም።

ካሆ ራሷን ነቀነቀች። አዎ፣ ይቺኛዋ እውነተኛዋ ናት። ነቅንቃ ስትጨርስም ሳቋ አመለጣት፤ ከንፈሯን ያስነከሳት ከመጀመሪያው እሱ ኖሯል።

ጌንዞ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ቶሺም ተከተለች፣ ከዚያ ወይዘሮ ናራኦካ ጨርቃቸውን ጥለው ተከተሉ፣ ከዚያ ሁሉም። እየሳቀ የሚያጨበጭብ አራት መቶ ሰው እንደ ደንቡ ነው አይባልም። ካሆ ተነሣች፤ ሙዚቃው ርቋት ሄዶ ስለነበር አንዱን ሽክርክሪት ትታ ሮጣ ደረሰችበት። የመጨረሻውን ዝላይ ዘልላ በእግሯ አረፈች። ስትጨርስ ለዳኞቹ ጎንበስ አለች፣ ለተመልካቹ ጎንበስ አለች፣ ሦስተኛውን ወደ አራተኛው ረድፍ ጎንበስ አለች። ጌንዞ በዚህ ጊዜ እያለቀሰ ነበር፤ ከረሜላውን መቼ እንደዋጠው አያስታውስም።

ወይዘሮ ናራኦካ በመውጫው ላይ አገኙት። በወረቀቱ መሠረት ጥፋት እንዳላገኙበት፣ ይህም ወረቀቱን እንደሚያሳፍረው ነገሩት። ጌንዞ እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባውም ነበር።

በመኪናው ውስጥ ካሆ ከኋላ ተቀምጣ የጫማዋን ስለት በጨርቅ እየጠረገች ነበር። ጌንዞ በመስታወቱ ሁለት ጊዜ አያት። ይቅርታ ሊጠይቅ ጉሮሮውን ሲጠርግ ቀደመችው። የሰንዳዩ ውድድር በሜይ አሥራ ስድስት ነው አለች፤ በባቡር ከመጡ ማለዳ መነሣት አለባቸው፣ መቀመጫም በጊዜ ካልተያዘ አራተኛው ረድፍ አይገኝም።

«ግን አባባ» አለች፣ «መውደቄን ካላወቅህ እማማን ጠይቃት። እኔን አይደለም።»

«እሷን ነበር እኮ የጠየቅኋት» አለ ጌንዞ።

ካሆ በዲሴምበሩ ውድድር አሥራ አንደኛ ወጣች። የወይዘሮ ናራኦካ ወረቀት በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለት አንቀጽ ሆኖ ታተመ፤ አሥራ ሁለተኛው ተመልካች ከማጨብጨቡ በፊት ልጅቷ በእርግጥ መውደቋን እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። ጌንዞ ከቶሺ ጋር ወደ ሰንዳይ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በሁለተኛው ዓመት ጁላይ ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመኪናውን ጎማ ሲነፋ ልቡ ቆመ፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር። እሱ ያልደረሰበት አምስተኛው ውድድር በኦገስት ሆነ። ካሆ ሁለት ጊዜ ወድቃ ስምንተኛ ወጣች።